ከውስጥ የማይከፈተው በር

እናቴ የዚያችን መኪና በር በገዛ እጇ ከፍታ ስትወርድ አይቼ አላውቅም። መኪናዋ ሴይቼንቶ ነበረች፤ ሞተሯን ከኋላ የተሸከመች፣ ሁለት በር ብቻ ያላት፣ ያኔ ፒያሳን ሽቅብ ቁልቁል ስትመላለስባት የኖረች ትንሽዬ የጣሊያን መኪና። አባቴ የገዛት እኔ ፊደል በምቆጥርበት ዘመን፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያናዊ አናጢ ነው። ስትገዛ ነጭ ነበረች። እኔ ለአቅመ ሥራ ስደርስ የወተት ሻይ መስላለች።

እሁድ እሁድ ጊዮርጊስ ስንሄድ ሥርዓቱ አይለወጥም። አባዬ ከበሩ ፊት ለፊት ያቆማል። ሞተሩን አጥፍቶ ይወርዳል። ኮቱን ያስተካክልና በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞሮ የእማዬን በር ይከፍታል። እማዬ እስከዚያ ድረስ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ፊት ለፊቷን እያየች ትቀመጣለች። ከኋላ ታፍኜ «እማዬ ውረጂ እንጂ!» ብላት አትሰማኝም። በሩ ሲከፈት እጇን ትሰጠዋለች፣ ትወርዳለች፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች። ከእሷ በቀር በዚያ ወንበር የተቀመጠ ሰው አላስታውስም። የእኔ ቦታ ከኋላ ነው፤ ስገባም ስወርድም በአባዬ በኩል ነው።

ይቺ የበር ነገር ሰፈራችንን ስትበጠብጥ ኖረች። እሪ በከንቱ ግድግዳ ለግድግዳ ተደጋግፈን የምንኖርበት፣ የአንዱ ቤት ሳል ሌላው ቤት የሚሰማበት ሰፈር ነው። ሴቶቹ ለባሎቻቸው «አየኸው? አየኸው እንዴት እንደሚያወርዳት?» ይላሉ። ወንዶቹ አባዬን «ፈረንጁ» እያሉ ያሽሟጥጡታል። መኪና ቀርቶ ብስክሌት የሌለው አንድ ጎረቤታችን «እኔም መኪና ቢኖረኝ እከፍትልሽ ነበር» ቢላት፣ ሚስቱ «የቤቱ በር አለ አይደል? በሱ ጀምር» አለችው ይባላል። ደርግ መጥቶ ቀበሌ ሲቋቋም እንኳ ወሬው አልበረደም። በውይይት ክበቡ ስለ ሴቶች እኩልነት ሲወራ አንዲት እናት ተነሥተው የአባዬን በር መክፈት በምሳሌነት ጠቀሱ። ካድሬው ትንሽ አሰበና «እሱ የንዑስ ከበርቴ ልማድ ነው፤ እኩልነት ማለት ጓዲት በራሷ ስትወርድ ነው» ብሎ ፈረደ። በሳምንቱ ካድሬው ቀበሌው በር ላይ ቆሞ ሳለ አባዬ መኪናዋን እፊቱ አቆመና፣ ኮቱን አስተካክሎ፣ ዞሮ ከፈተ። እማዬም ከወትሮው ቀስ ብላ ወረደች።

እማዬ የሞተችው ቤንዚን በኩፖን በሆነበት ሰሞን ነው። ብዙም አልታመመችም። ከዓመቷ በኋላ ደግሞ አባዬ ከደረጃ ወድቆ ጉልበቱ አልታጠፍ አለ። ሴይቼንቶ ውስጥ ለመግባት እንደ ጃንጥላ መታጠፍ ያስፈልጋል። ታክሲዎቹም ያችው ሴይቼንቶ ናቸው፤ ውይይት የምንላት፣ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ የሚሳፈርባት ደግሞ ለመውጣት ዝላይ ትፈልጋለች። በእግር እንዳይሄድ ከእሪ በከንቱ ጊዮርጊስ ዳገት ነው። ስለዚህ ደወል በተደወለ ቁጥር በርጩማውን ደጃፍ ያወጣና ፊቱን ወደ ጊዮርጊስ አዙሮ ይቀመጣል። ከዕለታት አንድ ቀን «እንግዲህ ደጁን ሳልሳለም መሞቴ ነው» አለኝ። አላማረረም፤ ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነበር ያለው።

ሴይቼንቶዋን መለወጥ እንዳለብን የወሰንኩት ያን ዕለት ነው። እኔ ያኔ ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሰንብቻለሁ፤ አደባባዩን ስዞር «ኧረ መንገድ ልቀቁ፣ ሴት መጣች!» የሚሉኝን አራዶች በመስኮት እየሰደብኩ መንዳት ለምጃለሁ። አዲስ መኪና ለጓዶች ካልሆነ በማይገባበት በዚያ ዘመን፣ የከተማው አሮጌ መኪና ሁሉ እርስ በርሱ ሲለዋወጥ ነው የኖረው። ያለህን ትሰጣለህ፣ ጭማሪ ትከፍላለህ፣ የሌላውን አሮጌ ነድተህ ትሄዳለህ። እኔም ከፒያሳ ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ በሚወርደው መንገድ፣ ከፊት መለዋወጫ እየሸጠ ከኋላ ግቢው መኪና የሚያለዋውጥ ነጋዴ ዘንድ፣ የምፈልጋትን አየሁ። ባለ አራት በር ናት፤ ወንበሯ ከፍ ያለ፣ በሯ ሰፊ፣ ቀለሟ እንደ ጎመን። ጉልበቱ የማይታጠፍ ሰው ልክ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ተቀምጦ እግሩን ማስገባት ይችላል። ጭማሪውን ግን የእኔ ደሞዝና ቁጠባ የሚችለው ሴይቼንቶዋ ጥሩ ከተገመተች ብቻ ነው።

ለአባዬ ስነግረው «እሺ» አለ። እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። «ብቻ ስትሸጥ እኔም ልኑር» አለ።

መኪናዋን አጠብኳት፣ ወንበሯን በሳሙና ፈተግሁት። ከፊት ወንበር ትይዩ ካለችው መሳቢያ የእማዬን ማበጠሪያና አንድ ቀይ እጀታ ያለው ካቻቢቴ አገኘሁ። ማበጠሪያውን ወሰድኩ፤ ካቻቢቴው የመኪናዋ መፍቻ ነው ብዬ እዚያው ተውኩት። ጠዋት ሞተሯን ቀድሜ አሙቄ ጭሷን አስጨረስኳት። ከዚያ አባዬን እያቃሰተ በእማዬ ወንበር ላይ አጣጥፌ አስገባሁት። እየነዳሁ ዐሥር ጊዜ «አባዬ፣ እዚያ ስንደርስ እባክህ አትናገር። ዝም አይነቅዝም» አልኩት። «ዝም አይነቅዝም» ብሎ ደገመልኝ። ስንደርስ እኔና ነጋዴው ጎትተን አወጣነውና አንድ ጎማ ላይ አስቀመጥነው።

ነጋዴው በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ ሱሪው የተተኮሰ፣ ጥፍሩ ሥር ግን ግራሶ ያለበት ሰው ነበር። መኪናዋን ዞራት። ላሜራዋን በጣቱ አንኳኳ። ሞተሯን አስነሥቶ ጆሮውን ሰጣት። ከዚያ ፊቱን እንደ ሐዘንተኛ አድርጎ «እህቴ፣ አርጅታለች» አለኝ።

«አንተስ የዛሬ ልጅ ነህ?» አልኩት። «የአንድ ሰው እጅ ብቻ የነካት መኪና ናት። ግጭት አታውቅም። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሄደው።»

ሳቀ። ጭማሪውን ጠራ። እኔ «በጊዮርጊስ!» ብዬ ጮህኩ። እሱም «ጊዮርጊስን!» ብሎ ማለ። እንዲህ ስንማማል፣ ስንኮራረፍ፣ እኔ ቦርሳዬን አንሥቼ ልሄድ ስል እሱ ሲጠራኝ፣ ቀስ በቀስ ዋጋው እኔ ወደምችለው መጣ። እጁን ዘረጋልኝ። እጄን ልሰጠው ስል ከጎማው ላይ ድምፅ መጣ።

«ልጄ፣ ነውሯን ሳትሰማ እጅህን አትስጥ።»

አባዬ ተወልዶ ያደገው ቡልጋ ነው። ከተማ ከመግባቱ በፊት ከአያቴ ጋር በቅሎ እየነዳ ገበያ ይወጣ ነበር። በእነሱ ዘንድ ከብት የሚሸጥ ሰው ዋጋ ከመቀበሉ በፊት የከብቱን ነውር በሰው ፊት ይናገራል፤ ትራገጣለች፣ ወንዝ አትሻገርም፣ ማታ አታይም ይላል። የደበቀ ሰው ከብቱ በሽማግሌ ይመለስበታል። ከዚያም ይብሳል፤ የተደበቀው ነውር ዞሮ የሻጩ ቤት ይገባል ብለው ያምናሉ። እኔ ይህን ተረት አድርጌ ነበር የሰማሁት። ፒያሳ መሐል፣ በመኪና ነጋዴ ግቢ፣ ያውም ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ይመጣብኛል ብዬ አላሰብኩም።

«አባዬ!» አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

«ተይኝ። ዘይት ትጠጣለች» አለ ወደ ነጋዴው ዞሮ። «ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሿ ያመልጣል፤ በእጅህ ይዘህ መውጣት አለብህ። ክረምት ክረምት ከሥር ውሃ ታስገባለች፤ ልጄ ምንጣፉን ያደረቀችው ትናንት ነው። ክላክሷ ሲፈልግ ይጮሃል፣ ሲፈልግ ይተኛል።»

ሁለት መካኒኮች ሥራቸውን ትተው መጡ። አንደኛው «አባባ ፋራ ናቸው አራዳ?» ብሎ ጓደኛውን ጠየቀው፤ ጓደኛው እንጃ አለ። ነጋዴው እጁን ሰበሰበ። ዓይኑን አጥብቦ አባዬን አየው። እንግዲህ እሱ ዕድሜ ልኩን የሚደብቅ ሻጭ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ያልጠየቁትን የሚናገር ሻጭ ግን አይቶ አያውቅም።

«አባባ» አለ፣ «ይህን ሁሉ ከነገሩኝ፣ ያልነገሩኝ ምን ቢሆን ነው?»

ወዲያው ጭማሪውን ወደ ላይ ሰቀለው። መጀመሪያ ከጠራውም አለፈ። እኔ ነደድኩ። እሱ አጭበርባሪ ነው አልኩ፣ አባዬን ደግሞ «ደጁን ሳልሳለም ልሞት ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ? ይኸው በገዛ አፍህ መንገዱን ዘጋኸው!» አልኩት። ነጋዴው ግን አባዬን አልለቀቀውም። «የቀረ አለ። ይንገሩኝና በዚያ ላይ እንነጋገራለን» አለው። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል አልኩ በልቤ።

«አንድ ቀርቶኛል» አለ አባዬ። ድምፁ ዝቅ ብሏል። «አንቺ እስቲ ወደዚያ ራቅ በይ።»

«የትም አልሄድም። ከዚህ የባሰ ምን ልሰማ ነው?»

«እንግዲያው ስሚ። የእናትሽ በር ከውስጥ አይከፈትም።»

ነጋዴው ሄዶ በዚያ በር ገባና ዘጋው። መክፈቻውን ወደ ላይ አለው፣ ወደ ታች አለው፣ በትከሻው ገፋው። ከዚያ በመስታወቱ አሻግሮ ተመለከተን። አባዬ ዱላውን ተደግፎ ከጎማው ተነሣ። እያነከሰ በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞረ። ኮቱን አስተካከለና ከፈተለት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ነጋዴው ሲወርድ።

«ከገዛኋት በሁለተኛው ክረምት።»

ያ ሁሉ የሰፈር ወሬ፣ ያ ሁሉ የባልና ሚስት ጭቅጭቅ፣ ያ የካድሬው ፍርድ፣ ለካ የተሰበረ መክፈቻ ነው! ሳቄ መጣ፤ ንዴቴም አብሮ መጣ። እማዬ ለዓመታት ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ እንደ ንግሥት ስትጠብቅ የኖረችው መውረድ ስለማትችል ነበር ማለት ነው። በእሷ ፋንታ እኔ ተዋረድኩ።

«አባባ፣ ይቺ እኮ ግማሽ ቀን የማትፈጅ ሥራ ናት» አለ ነጋዴው። «ምነው ሳያሠሯት?»

«አሠርቻት ነበር።» አባዬ ተመልሶ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱን በእጁ እያሻሸ፣ ለነጋዴው ይሁን ለእኔ በማይታወቅ ሁኔታ መሬት መሬቱን እያየ ነገረን። «ቅዳሜ አሠራሁት። እሁድ ጊዮርጊስ ደረስን። እኔ እንደ ልማዴ ወርጄ ስዞር እሷ መክፈቻውን ነካ ብታደርገው ተከፈተ። ወረደች፣ በሩን ዘጋች። ከዚያ ቆማ አየችኝ። እኔም መንገድ ላይ እንደቀረሁ ቆሜ አየኋት። እጇን የምታደርግበት አጣች። ቅዳሴ እስኪያልቅ ፊቷ አልተፈታም። ከሰዓት በኋላ እሷ ለቅሶ ልትደርስ ስትሄድ ካቻቢቴ ያዝኩና…» አለና በእጁ ጠምዘዝ አደረገ። «መልሼ ሰበርኩት።»

አንደኛው መካኒክ ኮፍያውን አወለቀ። ለምን እንዳወለቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

«እሳቸውስ አወቁ?» አለ ነጋዴው።

«እንጃ። ካቻቢቴውን ወንበሯ ሥር ረስቼው ኖሯል። በሳምንቱ እግሯ ነካው። አነሣችው፣ አገላብጣ አየችው። ከፊቷ ያለችው መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ደጁ ስንደርስ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀችኝ።»

ሄጄ መሳቢያዋን ከፈትኩ። ቀይ እጀታ ያለው ካቻቢቴ እዚያው ነበር። ይዤው አለቀስኩ፤ በዚያ ዘይት በጠጣ ግቢ፣ በማላውቃቸው ወንዶች ፊት። የእማዬ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ እያየኝ በወግ ነበር ያለቀስኩት። የዚያን ዕለቱ ግን ከሆዴ ወጣ፣ ቀለለኝም። ያን ሁሉ ዓመት ሁለቱም እያወቁ፣ አንዳቸው ለአንዳቸው ሳይናገሩ ኖረዋል። ዝም አይነቅዝም ብዬ አባዬን ሳስተምረው የመጣሁት እኔ ነኝ።

ነጋዴው ጉሮሮውን ጠረገ። ነጋዴ ነውና ልቡ ተነክቶ መኪናውን በነጻ ሰጠን ብዬ አልዋሽም። «ዘይቱን እቆጥራለሁ። ማርሹን እቆጥራለሁ። በሩን ግን አልቆጥረውም» አለና ቀድሞ ወደተስማማንበት ጭማሪ ተመለሰ። እኔ ዓይኔን እየጠረግሁ «ስኮርት ጎማ መርቅልን» አልኩት። ወደ አባዬ ዞሮ «አባባ፣ ይቺ ልጅ የእርስዎ ናት ለመባል ምስክር አለ?» አለ። ጎማውን ግን መረቀ። የአባዬን እጅ በሁለት እጁ ይዞ ዋጋውን ቆረጠ።

አባዬ የሴይቼንቶዋን ቁልፍ ለነጋዴው ሲሰጥ የቁልፉን መያዣ የቆዳ ጠፍር ፈታና ወደ ኪሱ ከተተ። «ገመድ አይሸጥም» አለ። ይህም የቡልጋ ልማድ ነው፤ ከብት ይሸጣል እንጂ የታሰረበት ገመድ ከባለቤቱ ጋር ይቀራል። ነጋዴው «የኔም አባት እንዲሁ ነበር» አለ። ከዚያ አባዬ ዱላውን ወደ ጎመኔዋ መኪና ቀሰረ።

«የዚችስ ነውሯ ምንድን ነው?»

ነጋዴው ግራ ቀኙን አየ። መካኒኮቹ ራቅ ብለዋል። ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «ባትሪዋ ደካማ ነው። ጠዋት ጠዋት ትገፋላችሁ» አለ። ይህን ያለው በነጋዴነት ዘመኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፤ ፊቱ ቀላ። አባዬ መረቀው። ከዚያ ማንም ሳይረዳው ከፊት ወንበር ተቀመጠ። እግሩን አስገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ከውስጥ ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። «ይከፈታል» አለ። ነውር ያገኘባት ነበር የሚመስለው።

በወሩ ሃያ ሦስት፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ አባዬ ማለዳ ተነሥቶ ያን ኮቱን ለበሰ። ጎመኔዋ አልነሣም አለች። የእሪ በከንቱ ሰው ወጥቶ ገፋን፤ ያ ሚስቱ የቤቱን በር ክፈትልኝ ያለችው ጎረቤታችን እንኳ ከኋላ ሆኖ «ፈረንጁን ግፉ!» እያለ ይጮህ ነበር። እያዘገምን ዳገቱን ወጣን። ነጠላ የለበሰ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። አባዬ ጠፍሩን በጣቱ እየጠቀለለ መንገድ መንገዱን ያያል። ከደጁ ፊት ለፊት አቁሜ ወረድኩ። ነጠላዬን አጣፋሁ። ዞር ስል አባዬ አልወረደም።

«አባዬ፣ ደረስን» አልኩት።

ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ሁለት እጁን በላዩ አድርጎ፣ ፊት ለፊቱን እያየ ተቀምጧል። መጀመሪያ ጉልበቱ ያዘው ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ አቀማመጡን አየሁት። ያንን አቀማመጥ ከኋላ ወንበር ሆኜ ስንት ዓመት አውቀዋለሁ።

በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ዞርኩ። ሳላስበው ቀሚሴን አስተካከልኩ። ከፈትኩለት። እጁን ሰጠኝ፣ ወረደ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለኝ። ከዚያ ወደ በሩ እያየ «ይቺም ከውስጥ አትከፈትም» አለ።

ነጋዴው ግቢ በገዛ እጁ ከውስጥ ሲከፍታት አይቻለሁ፤ ቢሆንም «ነገ አሠራታለሁ» አልኩት።

«ተያት። አታሠሪያት» አለኝ፣ ክንዴን ይዞ ወደ ደጁ እየተራመደ።

አላሠራኋትም።